የያንቱ በሮች መቀርቀሪያ

«አጎቴ፣ ይህን በር የገጠመው አናጢ ጠጥቶ ነበር እንዴ? መቀርቀሪያው እኮ በውጭ ነው» አለች ሹዋን፣ አሮጌ ቤቶችን ልትመዘግብ ከከተማ የተላከችው ወጣት፣ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ።

«አናጢው ደህና ነበር» አሉ ሽማግሌው ዶንግ ከበራቸው ደፍ ላይ ሳይነሱ። «የጎረቤቴንስ አይተሻል?»

የጎረቤታቸውም እንደዚያው ነበር፤ የሚቀጥለውም። በደቡብ ቻይና፣ ከወንዝ ዳር ባለችው በያንቱ መንደር፣ አርባ ያህል አሮጌ በሮች እስከ ዛሬ መቀርቀሪያቸው በውጭ በኩል ነው፤ በውስጥ የሚቆልፋቸው ነገር የለም። በአገሩ ልማድ ክፉ መንፈስ እንዳያስገቡ በአዲስ ዓመት ዋዜማ በየበሩ የሚለጠፉት፣ በወረቀት ላይ የታተሙ ሁለት ዘቦችም በሌላው መንደር ወደ ጎዳና ሲመለከቱ በያንቱ ግን ወደ ቤት ውስጥ ይመለከታሉ።

እንደሚነገረው፣ ነገሩ የጀመረው የሚንግ ነገሥታት ወድቀው ከሰሜን የመጡት ማንቹዎች ዙፋኑን በያዙበት ዘመን ነው። አዲሱ መንግሥት ወንድ ሁሉ ግንባሩን ተላጭቶ ከኋላ አንድ ጉንጉን እንዲያስቀር አዘዘ፤ እምቢ ያለ ጸጉሩን ሳይሆን አንገቱን ይቆረጣል ተባለ። የያንቱ ወንዶች በአንድ ቀን ተላጩ፤ አንዱ የሌላውን ራስ እያየ ሳቀ፣ አንዳንዱም ዞር ብሎ አለቀሰ፣ ብቻ ራስ ተረፈ። የረሱት ሌላ ራስ ነበር። በየበሩ የተለጠፉት ዘቦች የድሮውን መንግሥት ባርኔጣ እንደ ደፉ ቀርተዋል።

ይህን ያስታወሳቸው፣ ይባላል፣ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ከወንዙ ማዶ የበር ሥዕል የሚሠራ ሰው በዚሁ ባርኔጣ ምክንያት መገደሉን ጠዋት መጥቶ አወራ፤ ትእዛዙን የሚያስፈጽመው የአዲሱ መንግሥት ሹም ከሰዓት በኋላ ወደ ያንቱ እንደሚሻገርም ጨመረ። በያንቱ ሥዕሎቹን ከእንጨት ማተሚያ የምታትመው አክስት ሃን የምትባል መበለት ነበረች፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ቀይ ማኅተሟ አለ። ሹሙ አንድ በር ካየ የሚጠራው የእሷን ስም ነው።

«እንፋቀው» አለ ጎረቤቷ ፓን።

ፋቁት። ሙጫው አክስት ሃን ራሷ ከሩዝ ያፈላችው ስለነበር ከሳንቃው ጋር አንድ ሆኗል፤ የዘቡ ጢም ተላጠና ባርኔጣው ቀረ።

«ሙጫሽን እንዲህ ማጥበቅሽ ለማን ብለሽ ነው?»

«አምና ላላ ብለህ የሰደብከኝ አንተው አይደለህ?»

ፍል ውኃም ሞከሩ፤ ቀለሙ ጭራሽ አበራ። አክስት ሃን ደፏ ላይ ተቀምጣ እጇን ተመለከተች። ዕድሜዋን ሙሉ ቀለም በተቀባ እንጨት ላይ ወረቀት ስታስተኛ፣ ስታሽ፣ ገልብጣ ስታነሳ የኖረች እጅ ናት። ከዚያ በሩን ተመለከተች። የያንቱ በሮች የብረት ማጠፊያ የላቸውም፤ ሳንቃው ከላይና ከታች በወጡለት ጉጦች በድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ይዞራል፣ ብድግ ካደረጉት ይነቀላል።

«አትፋቅ» አለችው። «ገልብጠው።»

ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ በሩን አዝሎ ዋለ። ባል ከላይ፣ ሚስት ከታች እየያዙ፣ ውጩን ወደ ውስጥ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አዞሩት። የመጨረሻው ሳንቃ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ የሹሙ ጀልባ ዳር ነክቷል። መቀርቀሪያው ከሳንቃው ጋር አብሮ ወደ ውጭ መዞሩን ፓን ያየው ያን ጊዜ ነው። መልሶ ለመንቀል ጊዜ አልነበረም።

ሹሙ ከወንዙ ሲወጣ ፊት ለፊቱ ያገኘው የአክስት ሃንን ቤት ነበር። ባዶውን ሳንቃ አየ፤ መቀርቀሪያውን በጣቱ ነካ።

«በዚህ አገር የቤቱ ጌታ ሌባው ነው እንዴ?» አላት።

«ጌታዬ፣ በውስጥ የሚቀረቅር ሰው ከደጅ ያለውን የፈራ ነው» አለች። «አሁን ከደጅ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እናንተን መፍራት ነውር መሰለን።»

ሹሙ በሩን ገፋ አደረገላት። «ግቢ» አላት።

ገባች። በሩን ዘጋባት፤ ቀረቀረውም።

አክስት ሃን ከሁለቱ ዘቦቿ ጋር ፊት ለፊት ቆመች፤ አንደኛው ጢም አልባ፣ ሁለቱም ባርኔጣቸውን ደፍተው። ሰውየው መልሶ ከፍቶ አንድ እርምጃ ከገባ አለቀላት። ፓን ኋላ እንዳወራው ሹሙ ጣቱን ከመቀርቀሪያው ላይ ሳያነሳ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆሟል። ከዚያ ከውጭ ሳቅ ተሰማ፣ «ጻፍ፤ ያንቱ ሰላም ናት» ብሎ ጸሐፊውን የሚያዝ የሹሙ ድምፅም፤ ከዚያ ኮቴ፣ ከዚያ የመቅዘፊያ ውኃ።

«አክስት፣ አለሽ?» አለ ፓን እየከፈተ።

«እኔስ አለሁ። እነዚህ ሁለቱ ናቸው በላብ የተጠመቁት።»

ፓን እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ ይላሉ፤ ሳቁም ከቤት ወደ ቤት እስከ መንደሩ ዳር ተሻገረ።

በሮቹን ነገ እንመልሳቸዋለን ተባለ። ሹሙ መቼ እንደሚመለስ ግን አልታወቀምና ነገ ቆየ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ንጉሥ የሌለበት ዘመን መጣ፤ መቀስ የያዙ ሰዎች የወንዱን ጉንጉን ሊቆርጡ ገቡ፣ መቀርቀሪያውንም አይተው ጠየቁ። ቆይቶም ቀይ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ያሰሩ ወጣቶች አሮጌ ሥዕል ሊያቃጥሉ መጡና ጠየቁ። ያንቱም መልሱን አልለወጠም፤ «ጌታዬ» የነበረው «ዜጋ»፣ ኋላም «ጓድ» ሆነ እንጂ።

ሹዋን መጻፍ ካቆመች ቆይታለች። በወረቀቷ ላይ «የሚጠገን» የሚል አምድ አለ፤ በያንቱ ትይዩ ባዶውን ነው።

«ታዲያ አጎቴ፣ ዘቦቹ አሁንም ባርኔጣውን እንደ ደፉ ናቸው?»

ሽማግሌው ዶንግ መቃኑን ተደግፈው ተነሱ።

«በሩ ክፍት ሆኖ አይታዩም» አሉ። «ግቢ።»

ወረቀቷን ደጅ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ደፉን ተሻገረች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።