የይርገዱ ጊደርና የተገለበጠው ቁጥር

በአንድ ወቅት አቶ ሸዋንግዛው የሚባል ሰው እትዬ ይርገዱን በደላቸው። አልሰደባቸውም፤ ድንበራቸውንም አልገፋም። ዝም አላቸው፤ ያጠፋቸው ዝምታው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሽማር ወንዝ አናት ላይ የውሃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር የሚለካ መሣሪያ ተተክሏል። መሣሪያው ቁጥሩን ከተማ ላለው ኮምፒውተር ይልካል፤ ውሃው ሁለት ሜትር ሲያልፍ ኮምፒውተሩ የመንደሩን ጡሩምባ ያስጮኸዋል። ይህን የሚቆጣጠረው ክፍል ሹም ሸዋንግዛው ነው። በነሐሴ፣ መንደሩ ላይ ጠብ ያለ ዝናብ ሳይኖር፣ በጠራራ ፀሐይ ጎርፍ ደረሰ። ጡሩምባው ጭጭ። ውሃው እትዬ ይርገዱ ከእናታቸው የወረሱትን የጌሾ ማሳ ከነሥሩ፣ ሁለት ላሞቻቸውን ከነበረቱ ጠራርጎ ሄደ። የተረፈቻቸው አንዲት ጊደር ናት።

እትዬ ይርገዱ ከተማ ወጥተው ሹሙ ፊት ቆሙ።

«እማማ፣ መሣሪያው እኮ አብዷል» አላቸው። «ውሃው መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ደረሰ ይላል! ከአሥር ሜትር በላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ ኮምፒውተሩ እንዲጥለው ያዘዝኩት ለዚህ ነው።»

«ያበደን ሰው እንኳ ወጥተው ያዩታል። ወጥተህ አየኸው?»

ሹሙ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ።

«አንተ ቁጥሩን ጣልክ፤ እኔን ውሃ ጣለኝ» ብለውት ወጡ። መንደር ሲገቡ የእድሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው ማሉ፦ «ከእንግዲህ ውሃ ሳይነገረኝ እንዳይመጣብኝ ላደረገ አንድ ሰው ጊደሬን እሰጣለሁ።»

የሸማኔው የጋሻነህ ሦስት ልጆች ኮምፒውተር አዋቂ ናቸው፤ ወሬውን ሰምተው መጡ። እትዬ ይርገዱ በጎን አዩአቸው። ለጊደር ብሎ የመጣ ለጊደር ብሎ ይዋሻል ብለው በልባቸው ያዙ።

ታላቁ ዳምጠው እግር ነበረው። ልክ የተቀረጸበት ሽመል ይዞ ግማሽ ቀን ዳገት ወጣና መሣሪያው አጠገብ ውሃው ውስጥ ነከረው። ሽመሉ ስልሳ ሴንቲ ሜትር አለ። ወደ ከተማ ደውሎ ቢጠይቅ ኮምፒውተሩ አሥራ አምስት ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ብሏል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በእርሳስ ሲደምር ሲያባዛ ውሎ ወረደ።

«መሣሪያው አላበደም፣ እትዬ። አንዱን ቁጥር ለሁለት ባይት ከፍሎ ነው የሚልከው።»

«በሰው አፍ ተናገር።»

«ሁለት ቅል ያስቡ። በትልቁ ቅል ያለ አንዱ ፍሬ እንደ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ይቆጠራል፤ በትንሹ ያለው እንደ አንድ። ከላይ ያለው መሣሪያ ትልቁን አስቀድሞ ይልካል። ታች ያለው ኮምፒውተር ደግሞ መጀመሪያ የመጣውን ትንሹ ነው ይላል። ስለዚህ የትንሹን ቅል ስልሳ ፍሬ በትልቁ ቅል ቆጠረው።»

«ታዲያ የላከው እውነቱን ነበር?»

«እውነቱን። የገለበጠው ተቀባዩ ነው።»

ሁለተኛዋ አሰገደች እጅ ነበራት። ወንድሟ ተናግሮ ሳይጨርስ ከተማ ወጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና፣ ቁጥሩ ወደ ጡሩምባው ከመሄዱ በፊት ሁለቱ ቅሎች ቦታ እንዲለዋወጡ በአንዲት መስመር ጻፈች። በአራተኛው ቀን አሽማር እንደገና ሞላ። ጡሩምባው ጮኸ! ሠላሳ ሁለት አባወራ ከነከብቱ ኮረብታ ላይ ወጣ። ጊደሯም ወጣች። እትዬ ይርገዱ እግራቸውን ዳበሱት፤ ደረቅ ነው። «ይቺ ልጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ቀንቷት እንደሆነስ?» አሉ።

ትንሹ ልሳነወርቅ ጥርጣሬ ነበረው፤ በዚህ ከእትዬ ይርገዱ ጋር ይመሳሰላል፣ እሳቸው ግን ይህን አይወዱለትም። «የወንዝ ቁጥር» እና «የቤት ቁጥር» ብሎ ሁለት ዓይነት አድርጎ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፈው። ከወንዝ የመጣ ቁጥር በአንድ በር ብቻ ገብቶ፣ እዚያው አንዴ ተገልብጦ የቤት ቁጥር ይሆናል። በሌላ ቦታ ሁለቱን የቀላቀለ ፕሮግራም ቢኖር ኮምፒውተሩ ገና ከመነሻው አልቀበልም ይላል። ይህን እስኪጨርስ ግን ጡሩምባው በክረምት መካከል ሦስት ቀን ተዘጋ። እትዬ ይርገዱ ሦስቱንም ቀን ጊደራቸውን ይዘው ኮረብታ ላይ ሲራገሙ ሰነበቱ።

በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ አንድ ቦታ ላይ እንቢ አለ። ለካ ሸዋንግዛው የመገልበጡን ወሬ ሰምቶ፣ «እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» ለማለት ጸሐፊውን በጓሮ ሌላ መገልበጫ አስጽፎታል። ሁለቴ የተገለበጠ ዞሮ እዚያው ነው፤ የሚቀጥለው ጎርፍ እንደ በፊቱ በዝምታ ይመጣ ነበር። ልሳነወርቅ አውጥቶ ጣለው።

«ከዚያ ወዲህ ጎርፍ መጣ?» አሉት እትዬ ይርገዱ።

«አልመጣም።»

«ላልመጣ ጎርፍ ጊደር?»

«እንቢ ያለበትን ቦታ ከፍቼ ላሳይዎት።»

«ፊደል ላልቆጠርኩት ሴትዮ? አሳየኝማ፤ አንተ ዓሣ ነው ብትለኝም ዓሣ ነው እላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ፊት ክርክሩ ጦፈ።

«እኔ ዳገቱን ባልወጣ እነዚህ ምኑን ይገለብጡት ነበር?» አለ ዳምጠው።

«የሱ እርሳስ ማንን ከውሃ አወጣ?» አለች አሰገደች።

«የእህቴን ሥራ አንድ ሰነፍ ጸሐፊ በሳምንቱ አፍርሶት ነበር። የእኔን ያፍርሰውና ልየው» አለ ልሳነወርቅ።

የጊደሯን ወሬ ሰምቶ የመጣው ሸዋንግዛውም ጉሮሮውን ጠርጎ «ክፍሉ እንኳ የኔ...» ሲል እትዬ ይርገዱ ዱላቸውን አነሱ። «አንተ ከጅራቷም ራቅ!»

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ሊያስማሙ ሞከሩ። እሳቸው ግን ጊደር ለሦስት አይቆረጥም፣ የማልኩትም ለአንድ ሰው ነው ብለው ተነሡ።

በማግሥቱ ጠዋት ጊደሯን ስበው የጋሻነህ ግቢ ገቡ። ሦስቱ ልጆች ከሦስት በር ብቅ አሉ። እትዬ ይርገዱ ግቢው መሐል ቆሙ፤ ገመዱን ከክንዳቸው ላይ ፈቱት፣ ግን አልለቀቁትም።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱላቸው፦ የተሰወረውን ላገኘው፣ መንደሩን ከውሃ ላወጣችው ወይስ ያልመጣውን ጥፋት ለዘጋው፤ ጊደሯ ለማን ትገባለች?