ሠላሳ አራተኛው ገጽ

አንድ የግድብ ጠባቂ ነበር፤ ስሙ ይርዳው ይባላል። ንጉሡ ያሠሩትን ታላቅ ግድብ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ ኖሯል። የትኛው የበር መሳቢያ ጠፍር እንደላላ፣ የትኛው በር እንደተጣመመ በሲጢጥታው ብቻ ይለያል። ከግድቡ በታች ባለው ሸለቆ አርባ ቤት ሰው ይኖራል። አንድ ልጁ አንጓችም እዚያ ተድራ፣ ከወለደች ገና ስድስት ወሯ ነው። ይርዳው ግድቡን ሲጠብቅ ልጁን ይጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን ከንጉሡ ዘንድ መልእክት መጣ። በሩቅ አውራጃ ሌላ ግድብ ሊሠራ ነውና ይርዳው በሰባት ቀን ውስጥ እንዲነሣ፣ ከመሄዱ በፊት ግን የሚያውቀውን ሁሉ ጽፎ ለተተኪው እንዲያስረክብ ታዘዘ። ተተኪዋ ትጓደድ የምትባል፣ ፊደል የቆጠረች፣ የውሃ ወፍጮ ስታንቀሳቅስ የኖረች ባለሙያ ናት። ከሌላ አገር ነው የመጣችው፤ ይህን ወንዝ አይታው አታውቅም። ክረምቱ ሊገባ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ይርዳው መቀመጫ መቆሚያ አጣ። ብዕሩን ያነሣል፣ ሁለት መስመር ይጽፋል፣ ብድግ ይላል፣ ወደ ግድቡ ይሄዳል፣ ጠፍሩን ይነካካል፣ «ለካ ይሄም አለ!» ብሎ እየሮጠ ይመለሳል። የሠላሳ ዓመት ዕውቀት እኮ ነው! ከየት ይጀመራል? አባቱ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያሉ ያሳደጉት ሰው ነውና ከሥሩ ጀመረ። መጀመሪያ ለንጉሡ ሰላምታ፤ እሱ ብቻ ሦስት ገጽ ወሰደ። ቀጥሎ ግድቡ በማን ዘመን እንደተጀመረ፣ ድንጋዩ ከየት ተራራ እንደተፈለጠ፣ የበሮቹ እንጨት ለምን ወይራ እንደሆነ፣ የአባቱም ታሪክ። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ሁሉ እንደመጣለት ነው። ስለ ጠፍር ቅባት ሲጽፍ የሞተችበት በቅሎ ትዝ ትለዋለች። ስለ በቅሎዋ ሲጽፍ «ደግሞ ሳልረሳው» ይልና ስለ ጎርፍ ያነሣል። የጎርፉን ሳይጨርስ እንደገና «ሳልረሳው» ብሎ ወደ አይጥ ይሻገራል፤ አይጥ ጠፍር ትበላለቻ! ወገኖቼ፣ በዚያ ጥራዝ ውስጥ «ሳልረሳው» የሚለው ቃል ተቆጥሮ አያልቅም።

ትጓደድ በየቀኑ ትመጣለች። «አያ ይርዳው፣ እስኪ በሮቹን ያሳዩኝ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ቆይ፣ ሐሳቤን አትበትኚብኝ! ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» ይላታል። የሚጽፈው ለእሷ፤ የሚያባርረው እሷኑ። ይገርማል እኮ!

በአምስተኛው ቀን ጨረሰ። ስድሳ ገጽ! ጠርዞ በሁለት እጁ አስረከባት፤ ኩራቱ ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ትጓደድ ክብደቱን በእጇ መዘን አደረገችው። «አያ ይርዳው፣ አይቆጡኝና፣ ውሃ የመጣ ቀን የትኛውን ልግለጥ?»

የይርዳው ፊት ደም መሰለ። «የትኛውን ልግለጥ ትይኛለሽ? ከሥሩ ጀምረሽ ሁሉንም ነዋ የምታነቢው! እኔ ሠላሳ ዓመት የለፋሁበትን አንቺ በአንድ ገጽ ልትጨርሺው ነው?»

«እሱስ ልክ ነዎት» አለች። አንገቷን ደፍታ ጥራዙን ይዛ ሄደች።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ይርዳው ለጉዞው በቅሎ ሊከራይ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ተራራ ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ለካ ደጋው ላይ ሲዘንብ አድሯል! ከተራራው ወገብ ላይ ሆኖ ዞር ቢል፣ ወንዙ ደፍርሶ ግንድ እያንከባለለ ወደ ግድቡ ሲወርድ አየ። ከግድቡ በታች፣ በደረቀው የወንዝ ዳር፣ ሴቶች ልብስ አጥበው አስጥተዋል፤ ከብቶች ተሰማርተዋል። ከግድቡ አናት ላይ ደግሞ ትጓደድ ቆማለች። በእጇ ነጭ ነገር ይታያል፤ ጥራዙ ነው።

«ጥሩምባውን!» ብሎ ጮኸ። «ትጓደድ! መጀመሪያ ጥሩምባውን ንፊ!»

ማን ሰምቶት! የወንዙ ጩኸት የእሱን ጩኸት ዋጠው።

ቁልቁለቱን እየወደቀ እየተነሣ ሲወርድ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ትገልጣለች። የንጉሡ ሰላምታ ነው፤ ሦስት ገጽ። ትገልጣለች። ድንጋዩ የተፈለጠበት ተራራ ነው። ቀና ብላ ውሃውን ታያለች፣ ደግሞ ትገልጣለች። ይርዳው የጻፈውን በቃሉ ያውቀዋልና የት እንደደረሰች እየገመተ ራሱን ይረግማል። «እለፊው! በናትሽ እለፊው!» ይላል ለብቻው። በኋላ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። ዘጠነኛው ገጽ መሆን አለበት። እዚያ ላይ «ጎርፍ በመጣ ጊዜ ትልቁ በር ሳይዘገይ ይነሣ» ተብሎ ተጽፏል። ጥራዙን ጥላ ወደ ትልቁ በር ሮጠች።

እውነት ነው፣ በሩ ካልተነሣ ግድቡ ይፈርሳል። ግን ከዚያ በፊት ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ በሸለቆው ያለው ሰው ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ ከዚያ ትንሿ በር ትከፈታለች፤ ትልቁ በር የሚነሣው ከሁሉም በኋላ ነው። ይህም ተጽፏል እኮ! ሠላሳ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከበቅሎዋ ሞት ቀጥሎ፣ «ደግሞ ሳልረሳው» ተብሎ።

በሩ ተነሣ። ውሃው እንደ ግድግዳ ቆሞ ሸለቆው ውስጥ ገባ።

ጎደል ሲል ይርዳው ተሻግሮ ከመንደሩ ደረሰ። ሰባት ቤት የለም። የሄደው ከብት ብዛቱ አይነገርም። ሰው አለመሞቱ የፈጣሪ ቸርነት ነው እንጂ የማንም ብልሃት አልነበረም። አንጓችን አንድ ሾላ ሥር አገኛት። ቀኝ እጇ ተሰብሯል፤ በግራዋ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች። ሕፃኗ ታለቅሳለች። ይርዳው ያን ልቅሶ ሲሰማ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

«አባዬ» አለችው፣ «ጥሩምባው የት ገባ? ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምተነው የምንሸሸው ጥሩምባ ዛሬ ምን ነካው?»

«ጽፌው ነበር ልጄ።»

«የት?»

«ሠላሳ አራተኛው ገጽ ላይ።»

አንጓች አባቷን አየችው። ከዚያ ሕፃኗን አየቻት። «ታዲያ ውሃው እስከ ሠላሳ አራተኛው ገጽ ይጠብቀናል ብለህ ነው?»

በዚህ መሐል ከግድቡ አናት ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ትጓደድ ገጹን ያገኘችው ገና አሁን ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

በማግስቱ ወደ ግድቡ ሲሄድ ትጓደድን ዓይኗ አብጦ አገኛት። «ሰው ልፈጅ ነበር» ብላ ተንሰቀሰቀች።

«አንቺ አይደለሽም፤ እኔ ነኝ» አላት። ጥራዙን ከእጇ ተቀብሎ ቢላዋውን መዘዘ። በንዴት ሊቦጫጭቀው ነው ብላ ደነገጠች። እሱ ግን ነገርን ከነገር እየለየ ይቆርጠው ጀመር። የጎርፉን ለብቻ፣ የጠፍሩን ለብቻ፣ የአይጧን ለብቻ፣ የአባቱንም ታሪክ ለብቻ። ቁርጥራጩን ሁሉ ወስዶ ባዶ አውድማ ላይ ዘረጋው፤ ነፋስ እንዳይበትንበት በየላዩ ጠጠር አስቀመጠ። ሊወስደው የመጣው የንጉሡ መልእክተኛ በቅሎዎቹን ጭኖ «ቶሎ በል እንጂ! ንጉሡን ልታስቆጣብኝ ነው እንዴ?» እያለ ይነዘንዘዋል። ይርዳውም ልቡ እንደተሰቀለ ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ በወረቀቱ መካከል ይመላለሳል።

«በይ እንግዲህ» አላት ትጓደድን። «ውሃው መጥቷል እንበል። እጅሽ መጀመሪያ የሚፈልገው የትኛውን ነው? አንሺው።»

የጥሩምባውን አነሣች።

«ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ ሰው ከሸለቆው መውጣቱን በምን አውቃለሁ?» ብላ ጠየቀችው።

ይርዳው አውድማውን ዞሮ ዞሮ ቢፈልግ የለም። በስድሳ ገጽ ውስጥ አልጻፈውም! ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ከኮረብታው ላይ ነጠላ ይውለበለባል፤ ይህን ሠላሳ ዓመት ሲያየው ኖሮ፣ ከማወቁ ብዛት መጻፍ እንዳለበት አልታየውም። ራሱን ይዞ ሳቀ፤ ወደ ልቅሶ የቀረበ ሳቅ ነበር። የነጠላውን ነገር በአዲስ ቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከጥሩምባው ቀጥሎ አኖሩት። ከዚያ ትንሿ በር መጣች፤ ከዚያ ትልቁ በር።

እሱ እየተሯሯጠ እሷ እየመረጠች እንዲህ ደረደሩት። እየሮጡ የሚነበበው ከፊት ሆነ፤ በየሳምንቱ የሚሠራው ተከተለ፤ ቁጭ ብለው የሚያነቡት ኋላ ቀረ። የአባቱን ታሪክ መጣል አልሆነለትም፤ ይዞት ቆመ። ትጓደድ አይታ «ኧረ ይቀመጥ፣ ክረምቱ ሲወጣ አነበዋለሁ» አለችውና ከንጉሡ ሰላምታ ጋር ከመጨረሻው አኖረችው። «ሳልረሳው» የሚለውን ግን አንድ በአንድ ሰረዙት። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ የሚረሳ ነገር አልነበረም። ይርዳው በንጹሕ ለመጻፍ ብዕሩን ያነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅም ጨረሰ፤ አምስት ቀን የፈጀው ጽሑፍ! የጎርፉ ነገር አንድ ገጽ ብቻ ሆነ።

በመንገዱ ከንጉሡ ዘንድ ሲደርስ ግልባጩን አቀረበ። ንጉሡ የመጀመሪያውን መስመር አነበቡ፤ «ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ንፊ» ይላል። ግንባራቸውን ቋጠሩ። ባለሟሎቹ ተያዩ።

«የእኛ ስም የት አለ?» አሉት ንጉሡ።

ይርዳው «በመጨረሻው ገጽ ላይ አለ፣ ንጉሥ ሆይ» አለ። «የፊተኛውን ቦታ ውሃ ለሚወስደው ሰው ሰጥቼዋለሁ።»

ንጉሡ ይቆጡ ይደሰቱ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ብቻ ወረቀቱን መልሰው ሰጡትና «አዲሱም ግድብ ላይ እንዲሁ ጻፍ» አሉት።

ወዳጆቼ፣ አዋቂ ሰው ሲጽፍ የሚሳሳተው ባለማወቁ አይደለም፤ የሚያውቀውን ሁሉ በመጣለት ተራ ስለሚያፈስሰው ነው። «ነገርን ከሥሩ» ማለት መልካም ነው። ግን የነገር ሥሩ ለጸሐፊው አንድ ቦታ፣ ለአንባቢው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። አንባቢው የቸገረውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ጀምሩለት። ደግሞም ወረቀት ተመልሶ አይጠየቅም፤ ስንጽፍ የተውነውን ነገር በኋላ ጮኸን አንሞላውም። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት ሐሳባችንን መሬት ላይ እንዘርጋው፣ እንለየው፣ እንደርድረው፤ ስንደረድርም የሚሠራበትን ሰው አጠገባችን እናቁመው።

እስኪ እናንተም በቅርቡ ለሌላ ሰው የጻፋችሁትን መመሪያ አውጥታችሁ ተመልከቱት። አንባቢው ቢጨንቀውና ቢቸኩል፣ እናንተም አጠገቡ ባትኖሩ፣ ያ ጽሑፍ ሰው ያድናል?