ተቀምጣ ጀምራ ቆማ የጨረሰችው ማላቲ

እንግዲህ ጆሮ ያለው ይስማ፤ ነገሩ የሆነው ባቡሩ ገና አዲስ ሳለ፣ ድሬዳዋም ከቤቷ አሸዋዋ ይበዛ በነበረበት ዘመን ነው። በሰፈራችን ራጋቫን የሚባል ህንዳዊ ልብስ ሰፊ ነበር። ማላቲ የምትባል ልጅ ነበረችው። አንድ ቫዮሊንም ነበረው። የአገሩን ዜማ ያስተማራት በዚያ ነው፤ መሬት ተቀምጣ፣ የቫዮሊኑን አናት እግሯ ላይ አሳርፋ፣ ጣቶቿ በክሩ ላይ እንዲንሸራተቱ ዘይት ነክታ።

ማላቲ ግን ሌላም ዜማ ወደደች። ማዳም ካሊዮፒ የምትባል ግሪካዊት የፈረንጅ ዜማ ታስተምር ነበር። ማላቲ ተደብቃ ሄደች። እዚያ ቫዮሊን የሚመታው ተቁሞ፣ በአገጭና በትከሻ መካከል ተይዞ ነው። ብዙ ሳይቆይ አንገቷ ላይ ቀይ ምልክት ወጣ። ሰፈሩ ምን እንዳሰበ አልነግራችሁም፤ የእኛ ሰፈር መቼ ደግ ያስባል። አባቷ ግን አየና ገባው።

«ቆሞ የሚውል ዘበኛ ነው» አላት። «ቆመሽ ስትመቺ ባይሽ ቫዮሊኑን እወስዳለሁ።»

ማዳምም በተራዋ የቫዮሊኑ አንገት ላይ ዘይት አገኘች።

«መሬት ተቀምጦ የሚሸጥ ቲማቲም ነው» አለቻት። «ተቀምጠሽ ስትመቺ ባይሽ ደጄን እንዳትረግጪ።»

ማላቲ ለሁለቱም እሺ አለች። ሁለቱንም አልተወችም።

ከዚያ የጎረቤቷ የእትዬ ወርቅያንሱ ልጅ ተዳረች። ማላቲ እንድትጫወት ተጠየቀች። አባቷም ተጠራ፣ ማዳምም ተጠራች። ማላቲ መሬት ተቀመጠች፤ ዘይቷን ነካች፤ የአባቷን ዜማ ጀመረች። የአባቷ ፊት ፈካ። ማዳም ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች። ያኔ ማላቲ ደጋኑን ከክሩ ሳታላቅቅ ቀስ ብላ ቆመች። ያንኑ ዜማ፣ ማዳም እንዳስተማረቻት ቫዮሊኑን አገጯ ስር ይዛ ቀጠለችው። ማዳም ተመልሳ ተቀመጠች። አሁን ደግሞ አባቷ ተነሳ። ሊነጥቃት እጁን ዘረጋ።

እትዬ ወርቅያንሱ፣ «አቶ ራጋቫን፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉት።

«እሷ ሳትቀመጥ አልቀመጥም» አለ።

ማላቲ አላቋረጠችም። እሱም እንደቆመ ሰማ። እጁ እንደተዘረጋ ቆየ፤ በኋላ ወረደ። ዜማው ሲያልቅ ቫዮሊኑን ራሷ አቀበለችው። ያዘው፣ አገላብጦ አየው፣ መለሰላት።

«ነገ ማዳም ጋ በስንት ሰዓት ነው?» አላት።

ማዳም ቀድማ መለሰች፤ «ከምሳ በኋላ። እንዳታረፍድ።»

ስለዚህ እስከ ዛሬ በሰፈራችን ሰርግ ሙዚቀኛ ተቀምጦ ይጀምራል፣ ቆሞ ይጨርሳል። እሱ ሲነሳ የሙሽሪት አባትም አብሮ ይነሳል። እንግዳ ሰው አክብሮት ይመስለዋል። እኛ ግን እናውቃለን፤ የመጀመሪያው አባት የተነሳው ሊነጥቅ ነበር።