ትኩሳቱ የማን ነው?

ወረርሽኝ ገባ በተባለ ሰሞን ነው። ዳይሬክተር ኃይለልዑል ከውጭ ሲመለሱ፣ ኤርፖርት ላይ አንዲት ጭምብል ያደረገች ሙቀት ለኪ ሠራተኛ መሣሪያዋን ወደ ግንባራቸው ብታስጠጋው ሠላሳ ዘጠኝ አሳየ። ደጅ ደግሞ የመሥሪያ ቤታቸው ሰው በሙሉ አበባ ይዞ፣ ጉንጫቸውን ሊስም ተሰልፏል።

«ጌታዬ፣ ለይቶ ማቆያ መግባት አለብዎት» አለቻቸው።

ዳይሬክተሩ አፍንጫዋ ድረስ ተጠግተው አምባረቁባት። «እኔን ምንም አላመመኝም። ይሄ ዕቃ የለካው የራስሽን እጅ ነው። ትኩሳቱ ያንቺ መሆኑን ጻፊ፤ አለዚያ ነገ እዚህ ሥራ ላይ አትገኚም።»

ልጅቷ ቀስ ብላ እስክሪብቶዋን አወጣች።

«እሺ ጌታዬ፣ የኔ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ አሁኑኑም ለይቶ ማቆያ እገባለሁ። ግን ደንቡ፣ ትኩሳት ካለበት ሰው ጋር ያለ ጭምብል ፊት ለፊት ያወራም አብሮ ይግባ ይላል። እርስዎ ደግሞ ያለ ጭምብል፣ ምራቅዎ እስኪደርሰኝ ነው ያወሩኝ። እንግዲህ ይምረጡ፤ ትኩሳቱ የኔ ነው ብለው ብቻዎን ይገባሉ ወይስ አሥራ አራት ቀን ከዚህ አፌ ጋር?»

ዳይሬክተሩ ብቻቸውን ገቡ። አበባውንም በመስኮት ተቀበሉ።