ከሩቅ የታየው ቤት

አንድ መንገድ የሚወድ ሰው ነበር። ስሙ ፋንታሁን ይባላል። በሥራ ቀን ከጠረጴዛው አይነሳም፤ በዓል ሲመጣ ግን እግሩ ቤት አይቀመጥም። ተራራ ይወጣል፣ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል፣ ያየውንም በአንዲት አሮጌ ትንሽ ካሜራ ያነሳል።

አንድ በጋ እናቱ ወይዘሮ ይርገዱ አንድ ነገር ለመኑት። እሳቸው የተወለዱት ሐይቅ ዳር ነው። ገና ልጅ ሳሉ ሐይቁ ሞልቶ መንደራቸውን ዋጠውና ሰዉ ሁሉ ተበተነ። ፋንታሁን ከተማ ተወልዶ ያደገ ነውና የእናቱን ቤት በወሬ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም። ዘንድሮ ግን ድርቁ ስለበረታ ሐይቁ ሸሸ፤ የቤታቸው የድንጋይ ግድግዳም ከውኃው መሀል ብቅ አለ ተባለ።

«ዝናቡ ሳይመጣ ውሰደኝ» አሉት። «ጉልበቴ ታንኳ ላይ አይታጠፍልኝም። አንተ ትሻገርና ቤቴን በፎቶ ታመጣልኛለህ፤ እኔ ዳር ሆኜ እጠብቅሃለሁ።»

ፋንታሁን እናቱን ይወዳል። ለእናቴ ቤትማ ይቺ ትንሽ ካሜራ አትመጥንም አለና ካሜራ መሸጫ ሄደ። ባለሱቁም «ምን ልታነሳበት ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ሁሉንም» አለ ፋንታሁን።

«እንግዲያው ሁሉንም ውሰድ» አለው። ነጋዴ ነውና አይፈረድበትም። ፋንታሁን ትልቅ ካሜራ፣ ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ፣ ሰፊውን የሚያሳይ ሌንስ፣ አበባና ትንኝ የሚያጎላ ሌንስ፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያም ጨምሮ ሻንጣ ሙሉ ይዞ ወጣ። መቼም ሰው ዕቃ ሲገዛ ጀርባውን አያማክርም። አሮጌዋ ካሜራም አብራ የሄደችው ተፈልጋ ሳይሆን ሻንጣው ኪስ ውስጥ ተረስታ ነው።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ጉሙ ውኃው ላይ ተኝቷል፤ ሰማዩና ሐይቁ የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም። ድምፅ የለም። ወይዘሮ ይርገዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጉሙ ቀስ ብሎ ሲገለጥ ግድግዳው ታየ፤ መሬት የነካ አይመስልም፣ ነጭ ነገር ላይ ተንሳፎ የቆመ ነው የሚመስለው። እሳቸው ከድንጋዩ ሳይነሱ አሻግረው አዩት።

ታንኳ ቀዛፊው ሻንጣውን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ጌታው፣ ታንኳዋ በደንገል ሣር የታሰረች ናት። ወይ እርስዎን ወይ ሻንጣውን ነው የምትችለው።»

ፋንታሁን ሻንጣውን ከፈተ። የቱን ይተው? ሩቁን የሚያቀርበውን ቢተው ወፍ ቢመጣስ? ሰፊውን ቢተው ሰማዩ ይቀራል። በመጨረሻ ምንም ላለመተው ሲል ራሱ ቀረ፤ ከዳር ሆኜ አነሳዋለሁ አለ። ማቆሚያውን ተከለ፣ ሌንስ ሰካ፣ ነቀለ፣ ሌላ ሰካ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እሱ ግን ለመውጣት የፈለገው ጫካውን በሙሉ ነበር። ሩቁን የሚያቀርበውን ሰክቶ ቀና ሲል ጉሙ ተመልሶ ወርዷል።

ማታ ካረፉበት ቤት ሆነው ያነሳውን አሳያቸው። ውኃው፣ ጉሙ፣ አንዲት ነጭ ወፍ፤ ሁሉም ጥርት ያለ ነው።

«ያምራል» አሉ። «ቤቴስ?»

«ይኸው እማዬ፣ እዚህ ጋ» ብሎ አንዲት ግራጫ ነጥብ አሳያቸው።

ወይዘሮ ይርገዱ ብዙ አዩት። «ከሩቅማ እኔም አየሁት ልጄ» አሉ።

ይቺ ቃል ፋንታሁንን እንቅልፍ ነሳችው። በማግስቱ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናቡ ደርሷል። ሻንጣውን እናቱ እግር ሥር አስቀመጠና «አደራ» አላቸው። አሮጌዋን ካሜራ ብቻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ታንኳዋ ላይ ወጣ። የዚያች ካሜራ ሌንስ አይነቀልም፤ ሩቁን አያቀርብም፣ ሰፊውንም አያሳይም። በእሷ አንድ ነገር ቅርብ እንዲሆን ከተፈለገ የሚቀርበው ሰውየው ራሱ ነው። ስለዚህ ፋንታሁን ጫማውን አወለቀ፣ ጭቃው ውስጥ ገባ፣ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ። መሀሉ በሰው እግር የጎደጎደ የደጃፍ ድንጋይ አገኘና ጎንበስ ብሎ በካሜራዋ አነሳው። ወዲያው ካፊያ ጀመረ።

ተመልሶ ካሜራዋን ለእናቱ ሲሰጥ አፍሮ ነበር። ከካሜራዋ ጀርባ መስታወት ላይ የሚታየው ፎቶ ደብዘዝ ብሏል፤ ከጥጉም የራሱ ጭቃ የነካ እግር ገብቶበታል።

«እግሬ አበላሸው እማዬ። ሳላየው ነው።»

እናቱ ጣታቸውን እግሩ ላይ አሳረፉ። «ደጃፉን ተሻግረህ ነው የቆምከው?»

«አዎ።»

«ቤቴ ገባህ?»

«ገባሁ።»

«ቤት ለእንቦሳ ሳትል?»

ፋንታሁን አቀረቀረ። «ማን ይሰማኛል ብዬ ነው?»

«እኔ አለሁ አይደል? በል፣ አሁን በል።»

ታንኳ ቀዛፊው እየሰማ ነው፤ ትልቅ ሰው ውኃ ዳር ቆሞ እንዲህ ማለቱ ያሳፍራል። ግን አለ፤ «ቤት ለእንቦሳ!»

«እንቦሳ እሰሩ!» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ፣ በባለቤት ድምፅ፣ ከቤታቸው ውስጥ ሆነው እንደሚመልሱ። ከዚያም ካሜራዋን ከነፎቶው ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። በዚያው ሳምንት ሐይቁ ቤቱን መልሶ ወሰደው።

ወዳጆቼ፣ ትልቁ ካሜራ ክፉ ነው አላልኩም፤ ለሚገባው ቦታ ይገባዋል። ነገር ግን ሩቁን የሚያቀርብ ዕቃ ነገሩን ወደ ዓይናችን ያመጣል እንጂ እኛን ካለንበት አያንቀሳቅስም። ለመንገድ የሚመረጠው ዕቃ እስከ ደጃፉ አድርሶ የሚያስገባ ነው፤ የሚወደን ሰው በምናመጣለት ነገር ውስጥ የሚፈልገው እኛኑ ነውና። እናንተስ፣ አንዱንም ላለመተው ብላችሁ የተሸከማችሁት ሸክም ከማን ደጃፍ አስቀርቷችኋል?