ጳጉሜን የማታውቀው ኮምፒውተር

«አንድ ሰው ነበረ» አለ አባት።

ይህን ያለው ልጁ የሻረግ ያንኑ የሁልጊዜ ጥያቄዋን ስለ ጠየቀችው ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ ገጠር ብቻውን ነው የሚኖረው። እሷ ከተማ ባለው ቤቷ ክፍል አዘጋጅታለታለች፤ አልጋም አንጥፋለታለች። በመጣች ቁጥር ተነሥ እንሂድ ትለዋለች፤ እሱም በመጣች ቁጥር «አይሆንም» ይላታል። ከዚያ በላይ አይናገርም። በዚያ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ «አባዬ፣ እኔን ጠልተህ ነው ወይስ ጃጅተህ ነው? አንዱን ንገረኝና ልረፍ» አለችው። አባት ወትሮም ቃል የሚቆጥብ ገበሬ ነው። የሚጠርበውን ሞፈር አስቀመጠ፤ ከዚያ ነው አንድ ሰው ነበረ ያለው።

ሰውየው በአንዲት ትንሽ ከተማ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ ነካክቶ ያላዳነው ዕቃ የለም ይባልለታል። በዚያችው ከተማ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ሸራ ወጥሮ ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ሽማግሌ ነበረ። መሬቱን የተነጠቀ፣ ቀለብ የተከለከለች፣ ሁሉም ወደዚያ ሸራ ይመጣል። ሽማግሌው ቀድሞ በእጁ ነበር የሚጽፈው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሌላ ሰው የጠገበውን አሮጌ ኮምፒውተር ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ እንጀራው የሚገኘው በእሷ ነው።

አንድ ጊዜ ማተሚያው ተሰበረበትና አዲስ ተካ። አዲሱ ማተሚያ ግን ከአሮጌዋ ጋር አልግባባ አለ። ኮምፒውተሯ የምትሠራበት ዋናው ሲስተም ያረጀ ነውና አዲስ ዕቃ አያውቅም። ስለዚህ ጠጋኙ ተጠራ፤ አሮጌውን ሲስተም አውጥቶ አዲስ ሊጭንባት መጣ። ከላይ እስከ ታች ዐያትና ሣቀ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ በዕድሜ ከእኔ ሳትበልጥ አትቀርም።»

«እንግዲያው አንቱ በላት» አለው ሽማግሌው።

ጠጋኙ የሽማግሌውን ጽሑፎች ሁሉ ለብቻ ገልብጦ አስቀመጠና አዲሱን ሲስተም መጫን ጀመረ። እስከ ግማሽ ደህና ሄደ። እዚያ ላይ ኮምፒውተሯ ቆመች። ፋይሉ ተቀባይነት የለውም ብላ ጻፈች፤ ምክንያቱን አልተናገረችም። ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እዚያው ቦታ ቆመች። ጥፋቱ ሲስተሙን ይዞ የመጣበት ፍላሽ ነው ብሎ ሌላ ፍላሽ አመጣ፤ ቆመች። ከፍቶ አቧራዋን በብሩሽ ጠረገ፤ ሱቁ ሄዶ ራም የሚሉትን የውስጥ ዕቃዋን በሌላ ቀየረላት፤ እንደገና ቆመች። ይህ ሁሉ ሲሆን አግዳሚው ላይ ወረፋ የያዙት ባለጉዳዮች አንድ አንድ እያሉ እየተነሡ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሌላ ጸሐፊ ተሻገሩ። ሽማግሌው ሲሻገሩ ያያቸዋል፤ አንዱንም ቆይ አላለም። ጠጋኙን ነገሩ አንገበገበውና የኮምፒውተሯን ጎን በመዳፉ ጠፍ አደረገ። ሽማግሌው፣ በዱላ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ እጠግናት ነበር ብሎ ገሠጸው።

በመጨረሻ ጠጋኙ ዕቃውን ሰበሰበ። «ጋሼ፣ ጊዜዋ አልፏል። አዲስ ይግዙ» አለ።

ሽማግሌው አልተከራከረም። ከወንበሩ ተነሥቶ የሸራውን ገመድ መፍታት ጀመረ። ያለ ኮምፒውተሯ ሸራው ምን ያደርግለታል? ጣቶቹ ግን እየተንቀጠቀጡ ቋጠሮውን አልፈታ አሉት። ጠጋኙ ቦርሳውን አንግቦ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዷል። ዞር ሲል ያንን አየ። ተመልሶ ቦርሳውን አወረደ፤ ባለጉዳዮቹ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይም ተቀመጠ። እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተሯን እንጂ ባለቤቷን ምንም አልጠየቀም ነበር።

«ጋሼ፣ ጠዋት ሲከፍቷት መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ቀኗን አያለኋ። መብራት ከጠፋ ይዘባረቅባታል፤ እኔ አስተካክልላታለሁ።»

«ስንት ብለው?»

«ስንት ልበላት ኖሯል? ዛሬን ነዋ፣ በእኛው። የፈረንጅ ቀን ያለበት ማመልከቻ ይዘህ ብትገባ መዝገብ ቤት ማን ይቀበልሃል? አንድ እንከን ብቻ አለባት፤ ጳጉሜን አታውቃትም። እኔም በጳጉሜ ዘግቼ እቤቴ እተኛለሁ፤ ሁለታችንም እናርፋለን።»

ጠጋኙ ግንባሩን ያዘ። ለካ ኮምፒውተሯ የምትኖረው በእኛ ዘመን ነው። የፈረንጆቹ ቆጠራ ከእኛ በሰባት በስምንት ዓመት ይቀድማል፤ አዲሱ ሲስተም ደግሞ የተሠራው በነሱ ቆጠራ ነው። በእሷ ቀን ከሄድን ያ ሲስተም ገና አልተወለደም። ያልተወለደ ነገር መጣሁ ሲላት ሐሰት ነው ብላ መለሰችው። አልሞተችም፤ አልደነቆረችምም። ለያዘችው ቀን ታማኝ ሆና ነው።

ቀኑን ወደፊት ገፋውና እንደገና ጀመረ። ግማሹን አለፈች፤ እስከ መጨረሻውም ሄደች፤ ማተሚያውም ታዘዘላት። ጠጋኙ ግን የሽማግሌውን ቀን ጥሎበት አልሄደም። ማሽኗ በውስጧ የነሱን ቀን ትያዝ፣ ወረቀቱ ላይ ግን የእኛው ይውጣ ብሎ አስተካከለለት። አሁንማ ጳጉሜንም ታወጣለች ብሎ ሲነግረው፣ ሽማግሌው «እሱንስ ባትነግራት ይሻል ነበር፤ ዕረፍቴን ቀማኸኝ» አለው። የላላውን የሸራ ገመድ ጠጋኙ ራሱ መልሶ አሰረው። ወደ ማዶ የተሻገሩትም ባለጉዳዮች መመለስ ጀመሩ።

የሻረግ ሳትወድ ሣቀች። ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ስለ ኮምፒውተር የምታወራው አለችው። የወሰን ክርክሩን ሊያጽፍ ሄዶ አግዳሚው ላይ ወረፋ ይዞ እንደ ነበር፣ ወደማያውቀው ጸሐፊ መሻገር ስለማይወድ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንዳየው ነገራት። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«አሁን ስሚኝ። ጠጋኙ አንቺ ነሽ፤ አሮጌዋ ኮምፒውተር እኔ ነኝ። በመጣሽ ቁጥር መልካም ነገር ይዘሽ ነው የምትመጪው፤ ክፍሉን፣ አልጋውን፣ የልጅ ልጆቼን። እኔም አይሆንም እላለሁ፤ ምክንያቱን መናገር አልችልበትም። አንቺ ደግሞ መልሰሽ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። ዛሬ ጭራሽ ጠላኸኝ ወይስ ጃጀህ አልሽኝ። አልጠላሁሽም፤ አልጃጀሁምም። አንቺ ግን ቀኔን ጠይቀሽኝ አታውቂም።

«የእናትሽን አርባ አውጥተሻል፤ ሙት ዓመቷንም አውጥተሻል። ቆጠራሽ ልክ ነው፤ የሰው ሁሉ ቆጠራ እሱ ነው። በእኔ ዘንድ ግን የሞተችው ትናንት ነው። እስካሁን ጠዋት ስወጣ በሩን ቀስ አድርጌ ነው የምስበው፣ እንዳትነቃብኝ። ትናንት ሚስቱ የሞተችበት ሰው ዛሬ ጓዙን ሸክፎ ቤቱን ዘግቶ ይሄዳል ወይ? እስቲ አንቺው ፍረጂ።»

የሻረግ አንገቷን ደፋች። አባት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ቦታ ላይ ብቻ ምሳሌዬ አይገጥምም። የኮምፒውተርን ቀን በጣት ይገፉታል። የሰው ቀን ግን አይገፋም፤ አጠገቡ ሲቀመጡለት በራሱ ጊዜ ይመሻል። ስለዚህ ልጄ፣ ልትወስጂኝ አትምጪ። ልትቀመጪ ነይ።»