ቀይ አፈር ላይ የቀረው ምልክት

አንድ መተንበይ የሚወድ ሰው ነበር። ስሙ ዘርጋው ይባላል። የሚተነብየው ዝናብን ወይም የእህል ዋጋን አልነበረም፤ የሜዳ ቴኒስን ነው፤ ያውም በቀይ አፈር ሜዳ ላይ የሚደረገውን።

በዚያ አገር በየዓመቱ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ቴኒስ ሙያቸው የሆነ ወንዶች ራኬታቸውን ተሸክመው ከከተማ ከተማ እየዞሩ በቀይ አፈር ላይ ይጋጠማሉ። ቀይ አፈር ከሌላው ሜዳ ይለያል። ኳሱ አርፎ ሲነሳ ይዘገያል፣ ከፍ ይላል። በጉልበቱ የሚመካ ሰው ሌላ ቦታ በአንድ ምት የሚጨርሰውን ነጥብ እዚህ ደጋግሞ መትቶም ላያገኘው ይችላል። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እባካችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። ኳሱ ባረፈበት ቦታ አፈሩ ላይ ምልክት ይተዋል። ገብቷል፣ አልገባም የሚል ክርክር ሲነሳ ዳኛው ከረጅሙ ወንበሩ ወርዶ ምልክቱን አይቶ ይፈርዳል። ምልክቱ መስመሩን በጥቂቱም ቢነካ ኳሱ ገብቷል ማለት ነው።

ዘርጋው ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል። ማን እንደሚታገሥ፣ ማን ቶሎ እንደሚናደድ፣ አፈሩ ሲረጥብ ማን እንደሚከብደው ያጠናል። ያም ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጉድ ተፈጠረ! በመጀመሪያው ከተማ ያሸንፋል ያለው አሸነፈ። በሁለተኛውም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ባሉት ከተሞችም አንድ እንኳ አልሳተም። እሱ ሲመጣ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለት ጀመር። የከተማው ሬዲዮ ኃላፊም ጠርቶ፣ «የመጨረሻው ትንበያህ ከሰመረ ከእንግዲህ የሬዲዮው ተንባይ አንተ ነህ» አለው። ዘርጋው ያን ዕለት ምሳ መብላት እንኳ አቃተው።

ለመጨረሻው ግጥሚያ የቀረቡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ላቀው የሚባል፣ ለተጫዋች ዕድሜው የገፋ፣ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ የሚጫወት ትዕግሥተኛ ነው። ሁለተኛው ናሁሰናይ የሚባል እሳት የላሰ ወጣት ነው። ዘርጋው «ላቀው ያሸንፋል» አለ። ነገሩም በከተማው ሁሉ ተሰማ።

በግጥሚያው ቀን ዘርጋው ከወዳጁ ከፀጉር አስተካካዩ ከጓንጉል ጋር ከፊተኛው ረድፍ፣ ከሜዳው ጫፍ መስመር አጠገብ ተቀመጠ።

«ስማ ዘርጌ» አለው ጓንጉል ቆሎውን እየቆረጠመ፣ «ናሁሰናይ ሲመታት ኳሷ ታለቅሳለች እኮ! ያንተ ሰውዬ ደግሞ ምርኩዝ ነው የቀረው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? እዚህ የሚቸኩል ሰው አፈር ነው የሚበላው።»

«እሺ፤ ላቀው ከተሸነፈ ግማሽ ጢምህን እላጭሃለሁ!»

«ላጨኝ! በደስታ!»

ጨዋታው ተጀመረ። ወጣቱ እንደ መብረቅ ይመታል፤ ጎልማሳው እየተንሸራተተ ይመልሳል። ወጣቱ መራ፤ ጎልማሳው ደረሰበት። ሕዝቡ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይቀመጣል። አምስተኛውና የመጨረሻው ዙር ላይ የሁለቱም ካልሲ በአፈር ቀልቶ ነበር። በመጨረሻ ላቀው አንድ ነጥብ ብቻ ቀረው። ያችን ካገኘ ዋንጫው የእሱ ነው፤ ሬዲዮውም የዘርጋው ነው!

ኳሱ ከወዲያ ወዲህ ተመላለሰ። ናሁሰናይ ባለ በሌለ ኃይሉ መታ። ኳሱ ላቀውን አልፎ ዘርጋው ፊት፣ መስመሩ ላይ አረፈ። የመስመር ዳኛው ግን እጁን ዘርግቶ «ውጪ!» ብሎ ጮኸ።

ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ጓንጉል ቆሎውን በትኖ ዘርጋውን አቀፈው። ናሁሰናይ ግን ወደ መረቡ ሮጦ፣ «ምልክቱ ይታይልኝ!» አለ።

ዋናው ዳኛ ከወንበሩ ወርዶ መጣ። እዚያ አካባቢ ብዙ ምልክት ነበር። ዳኛው ጎንበስ አለና ከመስመሩ ውጪ ያለውን አንዱን በጣቱ አሳየ። ያ ምልክት ግን ቀደም ሲል ያረፈ የሌላ ኳስ ነበር። የአሁኑ ከእሱ በስተግራ አለ፤ መስመሩን በግልጽ ነክቶታል። ዘርጋው አይቶታል። ልቡ «ዝም በል፣ ዝም በል» አለው። ዝም አለ።

በዚህ ጊዜ ላቀው ወደ ቦታው መጣ። አፈሩን አየ። ቀና ሲል ዓይኑ ከዘርጋው ዓይን ጋር ተጋጠመ። ዘርጋው ቶሎ ብሎ ወደ ጫማው አቀረቀረ።

«ክቡር ዳኛ» አለ ላቀው፣ «ያ የቅድሙ ነው። የአሁኑ ይኸውና፤ መስመሩን ነክቷል።» ይህን ብሎ ምልክቱን በጫማው አጠፋው። ምልክቱን ራሱ ያጠፋ ተጫዋች ነጥቡን ለባላጋራው ለቀቀ ማለት ነው።

ከዚያ ጨዋታው ቀጠለ። ወጣቱ ነፍስ ዘርቶ የቀሩትን ነጥቦች ተራ በተራ ወሰደ፤ ዋንጫውንም በላ። ላቀው ወደ መረቡ ሄዶ አቀፈው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ዘርጋው መውጫው በር ላይ ላቀውን ጠበቀው።

«ጋሼ፣ ከፊት ተቀምጠው ነበር አይደል?» አለው ላቀው። «ምልክቱን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«አንተ እንድታሸንፍ ፈልጌ ነው፣ ልጄ።»

ላቀው ፈገግ አለ። «የለም፣ ጋሼ። እኔ እንዳሸንፍ አይደለም። ያሉት እንዲሆን ፈልገው ነው።» ሻንጣውን ተሸክሞ እያነከሰ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ዘርጋው ጓንጉል ፀጉር ቤት ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ላጨኝ» አለ።

«ኧረ ተው ዘርጌ! ቀልዴን እኮ ነው። አንድ ብትስት ምን አለበት? ሰውዬው ነጥቡን በገዛ እጁ ይጥላል ብሎ ማን ይገምታል?»

«ስለ ሳትኩ አይደለም። ስላየሁና ዝም ስላልኩ ነው። በል ላጨኝ።»

ጓንጉል ምላጩን አነሳ። ዘርጋው ጢሙ እስኪያድግ ድረስ በግማሽ ጢም በከተማው ዞረ። የሳቀበትንም፣ የጠየቀውንም አቁሞ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳይደብቅ ነገረ። የሬዲዮው ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ቀይ አፈሩ ተጠርጎና ውሃ ጠጥቶ ሲዘጋጅ ሰዎች እንደ ልማዳቸው፣ «ዘንድሮስ ማን ያሸንፋል?» አሉት። እሱም የሚያስበውን ነገራቸውና አንድ ቃል ጨመረ። «ይህን ያልኩት እግሩንና እጁን አይቼ ነው። ልቡን አላየሁም።»

ወገኖቼ፣ መገመት ኃጢአት አይደለም፤ ደስም ይላል። ነገር ግን እጅግ እንጠንቀቅ። የሰውን አቅም መለካት ይቻል ይሆናል፤ በፈተና ሰዓት ኅሊናው ምን እንደሚያደርግ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከዚህም የሚከፋው የራሳችንን ትንበያ ከእውነቱ አብልጠን ስንወድ ነው። «ያ የጎረቤት ልጅ ሰው አይሆንም» ብለን ተናግረን፣ ልጁ ሰው ሲሆን እያየን ዝም የምንል ስንቶች ነን? ያ ትዳር አይዘልቅም፣ ያ ሱቅ አይቆምም ብለን፣ እንዳልነው እንዲሆን በልባችን የምንመኝስ?

እርስዎስ፣ የተናገሩት እውነት ሆኖ እንዲገኝ ሲሉ፣ ዓይንዎ እያየ ዝም ያሉት የማንን ምልክት ነው?